የከሰለች ፍሬና የስም ዕዳ

ስም መስጠት ቀላል ሥራ ይመስላል። ሕፃን ሲወለድ፣ መንደር ሲቆረቆር፣ አዲስ ነገር ሲገኝ ስም ይወጣል፤ «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» እንደሚባለውም፣ አንድ ጊዜ የወጣ ስም ጎረቤቱን ሁሉ አስከትሎ ይሄዳል። ነገር ግን ስም የሚወጣለት ነገር ስለ ራሱ መናገር የማይችል፣ መልኩ በእሳት የተለወጠ፣ ከአሸዋ ቅንጣትም ብዙ የማይበልጥ ሲሆንስ? ከጥንት መኖሪያ ፍርስራሽ የወጣች አንዲት የከሰለች የእህል ፍሬ በተመራማሪ ማይክሮስኮፕ ሥር ስትቀመጥ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ፍሬዋ «ጤፍ ናት» ከተባለች የአንድ ሕዝብ የግብርና ታሪክ በብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ሊረዝም ይችላል፤ «የዱር ሣር ናት» ከተባለች ያው ታሪክ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የዕፀዋት ሊቃውንት የሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰው ማስረጃው ከሚፈቅድለት በላይ የመናገር መብት አለውን? የሚለው የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሳት ያተረፈው

እህል ወይ ይበላል፣ ወይ ይበቅላል፣ አለዚያም ይበሰብሳል። በእርጥብ አፈር ውስጥ የቀረ ፍሬ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆይም። ከሺህ ዓመታት በኋላ የሚገኘው በአብዛኛው እሳት የነካው ነው፤ ያውም ፈጽሞ አመድ ያልሆነው፣ አየር ባነሰው የምድጃ ጥግ ከስሎ የቀረው። የከሰለ ፍሬ ለተሐዋስያን ምግብ አይሆንምና ቅርጹን እንደያዘ መሬት ውስጥ ይኖራል። እንግዲህ ለዛሬው ተመራማሪ የሚደርሰው ጥንታውያን የበሉት ሳይሆን ሳይበሉት የቀረው ነው፤ ከምጣድ የተፈናጠረው፣ ሲቆላ ያረረው፣ ከእበት ጋር ለማገዶ የገባው፣ ጎተራ ሲቃጠል የጠፋው። ለባለቤቱ ጉዳት የነበረው ለታሪክ ትርፍ ሆነ።

ፍሬዎቹ የሚወጡበት ዘዴ የቤት እመቤት እህል ስታጥብ ከምታደርገው ብዙም አይለይም። ከቁፋሮው የወጣው አፈር በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። አፈሩና ጠጠሩ ሲዘቅጥ ቀላሉ ከሰል ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈውም በደቃቅ ወንፊት ተይዞ በጥላ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ የለቀማ ሥራ ይጀመራል። ተመራማሪው እያንዳንዷን ፍሬ ዛሬ ከሚበቅሉ ዕፀዋት ከተሰበሰበ የዘር ናሙና ጋር ያስተያያል፤ ርዝመቷንና ወርዷን ይለካል፤ የፅንሷን ቦታና የገጽታዋን ንድፍ ይመለከታል። ይሁን እንጂ እሳት አታላይ ሠዓሊ ነው። ሲያከስል ያሳብጣል፣ ያጨማድዳል፣ ይሰነጥቃል፤ ረዥሙን ያሳጥራል፣ ቀጭኑን ያወፍራል።

ጤፍ በዚህ ረገድ ከእህሎች ሁሉ አስቸጋሪው ሳይሆን አይቀርም። ፍሬው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ወንፊቱ ትንሽ ሰፋ ካለ ያመልጣል። ከዚህም በላይ የዱር ዘመዶች አሉት። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በየማሳው አረም ሆነው የሚበቅሉ ናቸው፤ የፍሬያቸው መጠንና ቅርጽም ከታራሚው ጤፍ ጋር ይቀራረባል። የዱሩ በአብዛኛው ያነሰና የቀጠነ ቢሆንም፣ ትልቁ የዱር ፍሬና ትንሹ የጤፍ ፍሬ የሚገናኙበት መሐል አለ። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ጥንታዊው ጤፍ ባሳተሙት ጥናት በሰፊው የተመለከቱት ይህንኑ የመለየት ችግር ነው።

በዚህ መሐል ላይ የወደቀች ፍሬ ምን ትባል? የሙያው ሥርዓት ለዚህ ደረጃዎች አበጅቷል። ተመራማሪው እርግጠኛ ከሆነ ዝርያውን ይጠራል፤ ካልሆነ ወገኑን ብቻ ይጠራል፤ ያም ካልተቻለው «ከሣር ቤተሰብ» ብሎ ይተዋል። በእርግጠኝነትና በግምት መካከል ደግሞ «አወዳድር» የሚል ትርጉም ያላት አጭር የላቲን ምልክት አለች። ከስሙ ፊት ስትገባ «ይህን ትመስላለች፣ ናት ለማለት ግን አልደፍርም» ማለት ነው። ተራ አንባቢ ሳያያት የሚያልፋት ይህች ምልክት የሙያው ኅሊና ናት። «ነው» እና «ይመስላል» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸው በከንቱ አይደለም፤ አንዱን በሌላው ቦታ የሚያስገባ ሰው ቃል ብቻ ሳይሆን እምነትም ያጎድላል።

የፒራሚዱ ጤፍ

ምልክቷ በተዘነጋችበት ጊዜ ምን እንደሚሆን የጤፍ ታሪክ ራሱ ያሳያል። በ1860ዎቹ ዓመታት ፍራንዝ ኡንገር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፀዋት ሊቅ በግብጽ ዳሹር ከሚገኝ ፒራሚድ በተወሰደ የጭቃ ጡብ ውስጥ ያሉ የዕፀዋት ቅሪቶችን መርምሮ ጤፍ ማግኘቱን ጻፈ። ኡንገር ጭቃ ጡብ የዘመኑን ዕፀዋት በሆዱ ይዞ እንደሚኖር ከተገነዘቡት የመጀመሪያ ሊቃውንት አንዱ ነውና ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ፍሬዎቹ በዓባይ ሸለቆ ከሚበቅሉት የጤፍ የዱር ዘመዶች የአንዱ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከቱ።

ጥርጣሬው በሊቃውንት ዘንድ ሲቀር ስሙ ግን ተጓዘ። ጤፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3359 ዓመት በተሠራ ፒራሚድ ውስጥ ተገኘ የሚለው አባባል ከአንዱ የግብርና ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተገለበጠ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቋል። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አሐዝ የተቆጠረ በመሆኑ አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን የግብጽ የመጀመሪያው ፒራሚድ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ መሆኑ ዛሬ ይታወቃል፤ የዳሹር ፒራሚዶች ከዚያም በኋላ የመጡ ናቸው። በተባለው ዓመት በምድረ ግብጽ አንድም ፒራሚድ አልነበረም። አባባሉን ከገለበጡት መካከል ሆን ብሎ ለመዋሸት የተነሣ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። እያንዳንዱ የቀደመውን አመነ፤ የቀደመውም ከእርሱ በፊት የነበረውን። እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ከውሸት ይልቅ ረዥም ዕድሜ አለው። ውሸት ባለቤት ስላለው ሊያዝ ይችላል፤ በቅን ልቡና የተገለበጠ ስሕተት ግን የሚጠየቅለት ሰው የለውም።

መልሶ መውሰድ

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ምሳሌም ከዚያው ከግብጽ ይገኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፍሬድ ዌንዶርፍና ባልደረቦቹ በአስዋን አቅራቢያ ዋዲ ኩባንያ በተባለ ስፍራ ሲቆፍሩ፣ ከ17,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ ባላቸው የሰፈራ ቦታዎች የገብስ ፍሬዎች አገኙ። በ1979 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ዘገባ ዓለምን አስደነቀ፤ እውነት ከሆነ የእህል ታሪክ መነሻ ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ አፍሪካ ሊዛወር ነበርና።

ችግሩ የፍሬዎቹ ዕድሜ በቀጥታ ያልተለካ መሆኑ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው የራዲዮካርቦን ልኬታ ብዙ ከሰል ይፈልግ ስለነበር፣ የተለካው ከፍሬዎቹ ጎን የተገኘው ከሰል ነው፤ «ከጎኑ የተገኘ ዘመነኛው ነው» በሚል ግምት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንዲትን ፍሬ ብቻ ወስዶ ዕድሜዋን መለካት የሚያስችል መሣሪያ መጣ። ፍሬዎቹ ሲለኩ 5,000 ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሆነው ተገኙ፤ በኋለኛ ዘመን ወደ ታችኛው አፈር የገቡ ነበሩ። ዌንዶርፍና ባልደረቦቹ አዲሱን ውጤት በ1984 በዚያው በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡት። የገዛ ዝናቸውን የሚያፈርሰውን ወረቀት የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

ተመሳሳይ ነገር በአክሱም አጠገብም ሆኗል። በ1974 ዴቪድ ፊሊፕሰን ጎበድራ በተባለው የዋሻ መጠለያ ባካሄዱት ቁፋሮ የዳጉሳ ፍሬዎች ከጥንታዊ የአፈር ንብርብር ወጡ፤ ለጊዜውም እጅግ የቆየ የእርሻ ማስረጃ መስለው ታዩ። ፍሬዎቹ ራሳቸው በተለኩ ጊዜ ግን ከአፈሩ በብዙ ያነሰ ዕድሜ ነበራቸው። አይጥ ጉድጓድ ትምሳለች፣ ምስጥ ይሰረስራል፣ መሬት ይሰነጠቃል፤ ትንሿ ፍሬም የእርሷ ወዳልሆነ ዘመን ትወርዳለች።

በዚህ ሥራ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የአንዲትን ፍሬ ዕድሜ ለማወቅ ፍሬዋን ማጥፋት ግድ ነው። ልኬታው ያቃጥላታል። ሺህ ዓመታት የቆየች አንዲት ፍሬ እውነቷን ተናግራ ትጠፋለች፤ ከእርሷ የሚቀረው ሥዕሏ፣ መጠኗና ስሟ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተመልሶ የሚያያት የለም። ስለሆነም ከመቃጠሏ በፊት በጥንቃቄ ያልተመዘገበ ፍሬ ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ መዝጋቢውም ለእርሷ የመጨረሻው ምስክር እንደሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

ክብር ያለው ሕዝብ ምን ይፈልጋል?

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ለብዙ ዘመን አፍሪካ ታሪክ የላትም፣ ያላትም ከውጭ የመጣ ነው ሲባል ኖሯል። እንዲህ በተባለባት ምድር ላይ የጥንትነት ማስረጃ ሲገኝ ጥርጣሬን ማብዛት ለቀድሞው ንቀት ማገዝ አይሆንም ወይ? ጥንቃቄ የሚባለውስ ሁልጊዜ የድሃውን ድርሻ የሚቀንስ ከሆነ ከወዴት ወገነ?

ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሚዛኑ ለአንዱ የሚከብድ ለሌላው የሚቀል ከሆነ ጥንቃቄ ሳይሆን አድልዎ ነው። ከመካከለኛው ምሥራቅ የወጣ የከሰለ ፍሬ በቀላሉ ስም ተሰጥቶት፣ ከአፍሪካ ቀንድ የወጣው ብቻ መቶ ጊዜ የሚጠየቅ ቢሆን ፍርዱ ጠማማ ይሆናል። መፍትሔው ግን ለሁሉም ሚዛኑን ማቅለል ሳይሆን ለሁሉም እኩል ማክበድ ነው። ምክንያቱም በደካማ ማስረጃ የቆመ ክብር በወደቀ ቀን ብቻውን አይወድቅም፤ አጠገቡ ያለውን እውነተኛውንም ይዞ ይወድቃል። የፒራሚዱ ጤፍ ሐሰት መሆኑን የሰማ ሰው በአክሱምና በአካባቢው በጥንቃቄ ተቆፍረው የወጡትን ጤፍ፣ ገብስ፣ ምስርና ተልባ እንኳ በጥርጣሬ ዓይን ሊያይ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ክብርን በዕድሜ ብቻ መለካት ነው። በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ባየው የስንዴና የገብስ ዓይነት ብዛት ተደንቆ አገሪቱን ከዓለም የአዝርዕት መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። በኋላ የከሰሉ ፍሬዎች ሲጠኑ የስንዴና የገብስ ቀደምት እርሻ በመካከለኛው ምሥራቅ እንደነበረ ታወቀ። ይህ የኢትዮጵያን ገበሬ አሳነሰው? ፈጽሞ። ከውጭ የመጣን ዘር ተቀብሎ፣ በየተራራውና በየሸለቆው እያላመደ፣ ያን ያህል ዓይነት ማፍራት ከመጀመር የሚያንስ ሥራ አይደለም። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታን የመቋቋም ባሕርይ በሩቅ ካሊፎርኒያ የሚገኙትን የገብስ እርሻዎች ከቫይረስ በሽታ ለመከላከል ጠቅሟል። ያን ባሕርይ ጠብቀው ያቆዩት «መጀመሪያ እኛ ነን» ያሉ ሰዎች ሳይሆኑ በየዓመቱ ለዘር የሚሆነውን ሳይበሉ ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው።

የቅርቡ የጤፍ ሙግትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በ2000ዎቹ ዓመታት አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከጤፍ ዱቄት አሠራር ጋር በተያያዘ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማግኘቱ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስቆጥቷል። በ2018 በሔግ የሚገኝ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን መብት ሲሽር የመዘነው የጤፍን ዕድሜ አልነበረም፤ የቀረበው አሠራር በቂ የፈጠራ ይዘት እንደሌለው ነው። በፒራሚድ ውስጥ ተገኘ የተባለው ጤፍ በዚያ ችሎት አላስፈለገም።

ዝም ያሉት

ከሚገባው በላይ መናገር አንዱ ጥፋት ከሆነ፣ ዝምታን እንደ ክህደት መቁጠር ሁለተኛው ጥፋት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርበትን እንሰትን መመልከት ይበቃል። እንሰት ለምግብ የሚፈለገው ከሥሩና ከግንዱ ነው፤ የሚራባውም ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ነው። ቆጮና ቡላ ከስለው የሚቀሩ ፍሬዎች የላቸውም። ስለዚህ ገብስ የሚበላው መንደር ከሺህ ዓመታት በኋላ በበርሜሉ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ፣ እንሰት የሚበላው መንደር ምልክት ሳይተው ሊቀር ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ «እዚያ እርሻ አልነበረም» ብሎ መፍረድ፣ ምስክር ያልቀረበለትን ሰው አልተወለደም እንደ ማለት ነው።

ለእንዲህ ያሉ ዕፀዋት ሌላ መንገድ አለ። በዕፀዋት አካል ውስጥ የሚፈጠሩ፣ ቅጠሉ ከበሰበሰ በኋላም በአፈር የሚቀሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ድንጋዮች አሉ፤ ፋይቶሊት ይባላሉ። በእነዚህም ላይ ቢሆን የስም ችግር አልቀረም፤ እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ናቸውና የሁለቱ ምልክት ይመሳሰላል። በኡጋንዳ ሙንሳ ከተባለ ስፍራ በወጣ የረግረግ ደለል ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት የነበረ የሙዝ ምልክት ተገኘ ሲባል ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ሙዝ ከሩቅ ምሥራቅ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተክል በመሆኑ ዘመኑ እጅግ የቀደመ ነበርና። ተመራማሪዎቹ በ2006 ላሳተሙት ጽሑፍ የሰጡት ርእስ የአፍሪካን ቀደምት ሙዝ የሚጠቅስ ሲሆን በመጨረሻው የጥያቄ ምልክት አለበት። ክርክሩ ወዴትም ያምራ፣ ያ የጥያቄ ምልክት በቦታው ነበር። የሚያጓጓ ነገር ያገኘ ሰው በራሱ ላይ የሚያስቀምጠው ልጓም ነው።

ማን ያውቃል?

ስም ለመስጠት መብት ያለው ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ «ማይክሮስኮፕ ያለው» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ዳንድሪያ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ከምትኩ ኃይሌና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር በትግራይ ገጠር ባደረጓቸው ጥናቶች መምህሮቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ በተለይም ሴቶች። እህሉ ሲወቃ፣ ሲበጠር፣ ሲነፋ በየደረጃው ምን እንደሚወድቅና ምን እንደሚቀር፣ ከእህሉ ጋር የትኛው አረም እስከ መጨረሻው እንደሚዘልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የጥንቱ የምድጃ አመድ ሊነበብ የሚችለው በዚህ ዕውቀት ነው። ከአንድ ቤት አመድ ውስጥ ደቃቅ አረም ብቻ ከወጣ የእህል ብጣሪ ተጥሎበት ይሆናል፤ ንጹሕ እህል ከወጣ ደግሞ ለመበላት የቀረበው አርሮ ይሆናል። ሰፌድ በእጇ የያዘች ሴት ለዚህ ንባብ ፊደል አስቆጣሪ ናት።

ሕዝቡ የሚጠራባቸው ስሞች ግን ራሳቸው መመርመር ይፈልጋሉ። «አጃ» የሚለው ስም በገጠር ቅርፊቱን በቀላሉ የማይለቅ ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ሲጠራበት ኖሯል፤ ዛሬ በከተማ ገበያ የሚጠራበት ግን ከስንዴ ወገን ያልሆነ ሌላ እህል ነው። አንድ ስም፣ ሁለት እህል። ስሙን ብቻ ይዞ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለቱን እንደሚያቀላቅል ግልጽ ነው፤ ገበሬውን ሳይጠይቅ የላቲን ስም ብቻ ይዞ የሚጽፈውም የገበሬውን ዓለም አያገኘውም።

በ2024 ይፋ የሆነው የካካፔል ጥናት ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ምን ዓይነት ትሕትና እንደሚወለድ ያሳያል። ካካፔል በምዕራብ ኬንያ በኤልጎን ተራራ አጠገብ ያለ የዋሻ መጠለያ ነው። ከዚያ ከወጡት የከሰሉ ፍሬዎች መካከል አንዲት አተር ነበረች። በዓለም ሁሉ የሚዘራው የተለመደው አተር ልትሆን ትችላለች፤ በትግራይ «ደቆቆ» እየተባለ የሚታወቀው የኢትዮጵያ አተርም ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛው ቢሆን በኢትዮጵያ ደጋና በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ መካከል የነበረን የጥንት ግንኙነት የምትመሰክር ውብ ማስረጃ በሆነች ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ከሁለቱ አንዷ ልትሆን ትችላለች ብለው አቆሙ። የሚፈልጉትን ሳይሆን ያዩትን ጻፉ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ተረቱ ትዕግሥትን ብቻ የሚያስተምር ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላም ነገር አለው። ንጋት እንዲጠራ ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ጎሕ ሳይቀድ «ነጋ» ብሎ የሚጮኽ መንገደኛውን ለጅብ ይዳርጋል፤ ከነጋ በኋላም «ገና ነው» የሚል ዘሪውን ከማሳው ያስቀረዋል። ከሙታን ምድጃ የተነሣችን ፍሬ የያዘ ሰው የተጣለበት ዕዳ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መቆም ነው፤ ያየውን ያህል መናገር፣ ያላየውን ክፍት መተው። ፍሬዋን የዘሯት፣ ያጨዷትና በምጣድ ላይ ያሳረሯት ሰዎች ተነሥተው «አይደለም» ሊሉት አይችሉም። የማይከራከር ሰው ፊት የሚነገር ቃል ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።